የአንካሳው ሞተር ሰሚ

እትዬ ጆሮ በሞተር ሳይክል ፋብሪካው የማዳመጫ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዱን ቀን እናቷን ልትቀብር፣ ሌላውን ጥርሷን ልትነቀል። ጥርሷን የተነቀለች ዕለትም ከሰዓት በኋላ ጉንጯን በመሀረብ አስራ ተመልሳ ገብታለች።

ስሙን ያወጡላት ገጣጣሚዎቹ ናቸው። ክፍሏ ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ድምፅ በሚውጥ ግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል፤ መስኮት የለውም። መሀል ላይ ሞተር የሚታሰርበት የብረት መቆሚያና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ አለ። ጥግ ላይ አንድ የእንጨት ወንበር፣ ከወንበሩ በላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ረጅም ካቻቪቴ። አዲስ የተገጠመ ሞተር በጋሪ ተገፍቶ ይመጣል፣ ይታሰራል፣ ይነሣል። እሷ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ገላ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዋ ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደግፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ከቁጥሩ ጎን በመዶሻ ማህተሟን ትመታበታለች፤ ማህተሟ በክብ ውስጥ ያለች የሁለት ቁጥር ናት። ካልሆነ ቀይ ወረቀት አንጠልጥላበት ወደመጣበት ትመልሰዋለች።

ቀይ ወረቀት የደረሰው ገጣጣሚ ምሳ ሰዓት ላይ ስሟን ሳያነሣ አይውልም። "እትዬ ጆሮ፣ በሞቴ፣ ነገ የኔን ሞተር ስትሰሚ ጉንፋን ይያዝሽ" ይላታል አንዱ። "ጉንፋን ቢይዛት በአፍንጫዋ ነው የምትሰማው" ይላል ሌላው። እሷ አትስቅም፤ አትቆጣምም። ሳህኗን አጥባ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

የዚህን ፋብሪካ ሞተር ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ተከፈተ መቀስ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አርባ አምስት ዲግሪ አለ። ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ ሞተር ሲሠሩ ለእያንዳንዱ ፒስተን በሚሽከረከረው ክራንክ ላይ የየራሱን መያዣ ፒን ይሰጡታል። እዚህ ግን ፒስተኖቹን የሚገፉት ሁለት ዘንጎች፣ መካኒኮች ቢዬላ የሚሏቸው፣ አንዲት ፒን ይጋራሉ፤ አንድ አልጋ እንደሚጋሩ ወንድማማቾች። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አይተኛም። ስለዚህ የፊተኛው ሲሊንደር ከፈነዳ በኋላ የኋለኛው ቶሎ ይከተለዋል፤ ክራንኩ ሦስት መቶ አሥራ አምስት ዲግሪ ሲዞር። ከዚያ ሞተሩ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቀጣዩ ፍንዳታ አራት መቶ አምስት ዲግሪ ይርቃል። ዱብ-ዱብ፣ ዝም። ዱብ-ዱብ፣ ዝም። እኩል አይራመድም፤ ያነክሳል። መሥራቹ እንዲህ ያደረገው በዚያ ጠባብ አካል ውስጥ ሌላ የሚገባ ሞተር ስላጣ ነው እንጂ ዜማ ፈልጎ አልነበረም። ገዢው ግን ወደደው። ዛሬ ሦስት መንገድ ማዶ ሲመጣ፣ ገና ሳይታይ፣ "አንካሳው መጣ" ይባላል።

ይህን ሁሉ ያስተማሯት ጋሽ ቢዬላ ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ስለነበሩ ነው የዘንጉ ስም የወጣላቸው። ማህተም ቁጥር ሁለትም የእሳቸው ነበር። እሷ ያኔ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን የማዳመጫ ክፍሉን ወለል እየወለወለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ይሄኛው እንደ ጠዋቱ አይደለም" አለች። ጋሽ ቢዬላ ካቻቪቴውን ከጆሯቸው አንሥተው አዩዋት፤ ሞተሩን አስፈቱት፤ አንዲት ቀለበት ተሰንጥቃ ተገኘች። በሳምንቱ መወልወያዋን አስረክባ ክፍሉ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ "ደንቆሮዋ" ነበር የሚሏት።

"ደንቆሮዋ፣ ምን ሰማሽ?"

"ምንም፣ ጋሼ።"

"ምንም የሚባል ድምፅ የለም። ተመለሽና ስሚ።"

አንድ ጊዜ የታመመ ሞተር ጤነኛ ነው ብላ አሳለፈች። ጋሽ ቢዬላ እጀታው ጆሮዋ ሥር እንዳለ የብሎን መፍቻ አንሥተው የካቻቪቴውን ብረት በሙሉ ኃይላቸው መቱት። ጭንቅላቷ ውስጥ ደወል የተደወለ መሰላት፤ ጆሮዋ እስከ ማግስቱ ሲጮህ አደረ። "አሁን አትረሺውም" አሉና ሻያቸውን አነሡ። እውነትም አልረሳችውም። በሦስተኛው ዓመት እሳቸው ያለፉትን ጉድለት እሷ ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቆሮዋ ማለቱን ተዉት። በምትኩ ሌላ ስም አልሰጧትም፤ "አንቺ" ሆና ቀረች።

አብረው አሥራ አራት ዓመት ሠሩ። በአሥራ አራተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ እትዬ ጆሮ አንድ ነገር አስተዋለች። ጋሽ ቢዬላ ማህተም መትተው ያሳለፏቸው ሦስት ሞተሮች የታመሙ ነበሩ። ልትነግራቸው ትችል ነበር። ክፍሉ ሦስት በአራት ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ትከሻቸውን ትነካለች። እሷ ግን ነጭ ወረቀት አወጣች፤ የሦስቱን ሞተሮች ቁጥር፣ ያለፉበትን ቀንና ሰዓት፣ የእያንዳንዱን ሕመም በቀጥታ መስመር ጻፈች፤ ከግርጌው ፈርማ ለአለቆች አስገባች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች የጠየቃት የለም። ብትጠየቅ መዝገብ መዝገብ ነው ትል ነበር። ወንበሩን መመኘቷን ግን በዚያ ወረቀት ላይ አላሰፈረችም።

አለቆቹ ፈተናውን ግቢው ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት አደረጉት። አንድ ሞተር መቆሚያ ላይ ታስሮ በሸራ ተጋረደ፤ አጠገቡ ሌላ ሞተር ጭስ እያወጣ ይንኳኳል። ጋሽ ቢዬላ የካቻቪቴውን ጫፍ በሸራው ቀዳዳ አስገብተው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ከሸራው ጀርባ ያለው ሞተር ተነሣ። ቀጥሎ ሁለቱም ጠፉ። ግቢው ጸጥ አለ። ጋሽ ቢዬላ ግን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ዱብ-ዱብ የሚለውን ሲያደምጡ እንደኖሩት፣ ራሳቸውን በዝግታ እያነቃነቁ ቀጠሉ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተዛመተ። በመጨረሻ ካቻቪቴውን አነሡና "ጤነኛ ነው፤ አሳልፉት" አሉ።

እትዬ ጆሮ ሰዓቷን እያየች ጽፋ ነበር፦ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አርባ ሰከንድ።

በዚያው ቀን ጋሽ ቢዬላ ማህተሙን አስረከቧት። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አፏን አፏን እያዩ ጠየቋት። "ስንት ሰከንድ ነው ያልሽው?"

"አርባ፣ ጋሼ" አለች፤ አሥር ጣቶቿንም አራት ጊዜ አሳየቻቸው።

"በደንብ ቆጥረሻል" አሉና ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

ከስምንት ዓመት በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፤ እሷን "እናቴ" ብሎ "እርስዎ" ይላታል፤ የሚያዋርዳትም በዚያው አንደበት ነው። የሞተሩ ድምፅ ሀብት ስለሆነ ለማስታወቂያ አንድ ናሙና ይቀረጽ ብሎ አዘዘ። ሰባት ሞተሮች ተሰልፈው ተነሡ፤ የቢሮ ሰዎች ወንበር ይዘው አደመጡ። ሁሉም የወደዱት ቁጥር 40717ን ነው። በዚያ ሞተር ላይ ግን የእትዬ ጆሮ ቀይ ወረቀት ተንጠልጥሎ ነበር።

"ይሄ ታሟል" አለች። "የኋላውን ፒስተን ከዘንጉ የምታያይዘው ፒን ላልታለች። ዱብ-ዱብ ካለ በኋላ ጢክ የምትል ሦስተኛ ድምፅ አለች፤ ሰምታችኋታል?"

"ሰማናት እንጂ" አለ ሥራ አስኪያጁ። "እሷን ነው የወደድናት።"

"ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ይበላሻል።"

"ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ እኔም አርጅቻለሁ፣ እናቴ። ደግሞ መለዋወጫ የምንሸጠው ለማን ነው?"

የቢሮ ሰዎች ሳቁ። ሞተሩ ተወልውሎ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ መስታወት ውስጥ ሊቀመጥ ሆነ። ማህተም የሌለው ሞተር ለእይታ እንዳይቀርብ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ማህተም እንድትመታበት ጠየቃት። አልመታም አለች።

"ግድ የለም" አለ። "የሚመታ እጅ ሞልቷል። ማህተሟ ናት አንድ። ትተዋት ይሂዱ፤ መሄድ ከፈለጉ።"

መታችው። ቀይ ወረቀቱን ራሱ ሥራ አስኪያጁ ቀደደው። በወሩ ለሁሉም ሞተሮች የፒኗ ቀዳዳ እንዲሰፋ ከንድፍ ክፍል ትእዛዝ ወጣ፤ ጢክ የምትለዋ ድምፅ የፋብሪካው ድምፅ ሆነች። እትዬ ጆሮ ጤነኛ የምትለው ሞተር ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ገብቶ አያውቅም። ለአራት ዓመት በየቀኑ ሃያ፣ ሃያ አምስት ሕመምተኛ ትሰማለች፤ በየቀኑ ሃያ፣ ሃያ አምስት ጊዜ መዶሻዋን ታነሣለች።

ጡረታዋ ሊደርስ ዘጠኝ ወር ሲቀረው ከክፍሏ በር አጠገብ አንድ ካርቶን ተቀመጠ። ማይክሮፎንና ስክሪን ያለው ሰሚ መሣሪያ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

"እናቴ፣ ድምፃችንን ልናስመዘግበው ነው። እንደ ስማችን፣ እንደ ምልክታችን፤ ሌላ ማንም እንዳይሠራው። የወንዝ ማዶዎቹ ግን ተቃውመዋል።"

የወንዝ ማዶዎቹ የሚባሉት በዚሁ ፋብሪካ የድሮ ንድፍ እየሠሩ የሚሸጡ ትንሽ ፋብሪካ ናቸው።

"ጠበቃቸው ምን እንዳለ ያውቃሉ? ድምፁ የእነሱ ብቻ ከሆነ የራሳቸው ሰሚ ከአምስት ቅጂ መሀል ትለየው አለ። እኔም እሺ አልኩ። እርስዎ ተሳስተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ያቺን ካርቶን ወደ መጋዘን የሚመልሷት እርስዎ ነዎት። ድምፁ ከተመዘገበ ጡረታ ከወንበርዎ ላይ ይወጣሉ፤ ማህተሙንም ለመረጡት ሰው ያስረክባሉ። ካልተመዘገበ…" ትከሻውን ሰበቀ። "ጢክ የምትለዋን ያውቋታል አይደል? እሷን ይጥሩ። ይኸው ነው።"

ምስክርነቱ ቀን ጠዋት ታላቅ እህቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሳትነሣ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሁለቱ በአንድ ቤት ሲኖሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እህትየው ልብስ ሰፊ ናት።

"ይቺን ቀሚስ የለበስሽው ለማን ነው?"

"ለምዝገባ ቢሮ፣ እቴቴ። ነግሬሽ የለ።"

"ለእናታችን ቀብር እንኳ እንዲህ አላጌጥሽም። ነይ ወዲህ፣ ጠርዟ ተተርትሯል።" ክሯን በጥርሷ ቆረጠች። "ስሚ፣ አንቺ ልጅ። የጠየቁሽን መልሺና ተቀመጪ። ትርፍ ነገር አትጨምሪ። አንቺ አንድ ጉድለት ካየሽ ምላስሽ አያርፍም።"

"የጠየቁኝን ነው የምመልሰው።"

"ባለፈው ሙሽራዋ ልብስ ልትለካ መጥታ የግራ ትከሻሽ ከቀኙ ዝቅ ይላል ያልሻትስ?"

"ዝቅ ይላል።"

"ዝቅ ይላል" አለች እህትየው፤ መኪናዋን ረገጠች።

የምዝገባ ቢሮው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ሰብሳቢዋና ሁለት አባላት፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ ነበረው። ሥራ አስኪያጁ ከጠበቃው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከኋላ ወንበሮች ላይ አራት ወይም አምስት ሰዎች አሉ፤ እትዬ ጆሮ ዞር ብላ አላየቻቸውም። የወንዝ ማዶዎቹ ጠበቃ አጭር ሰው ነው፤ የታሸገ ፖስታ ሰብሳቢዋ ፊት አስቀመጠ። የአምስቱ ቅጂዎች ምንጭ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

"ጥያቄው ቀላል ነው" አለ። "ከአምስቱ ውስጥ የፋብሪካችሁን ሞተር ይለዩልን።"

እትዬ ጆሮ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

አንደኛው ተነሣ። "ባለ አንድ ሲሊንደር ነው" አለች። "ሞተር ሳይክል መሆኑንም እጠራጠራለሁ፤ የውሃ መሳቢያ ይመስላል።" ከአባላቱ አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ። አጭሩ ጠበቃ ጫማውን አየ።

ሁለተኛው ተነሣ። ዱብ-ዱብ፣ ጢክ። "ይሄ የኛ ነው። ቁጥር 40717፤ መቀበያው አዳራሽ መስታወት ውስጥ ያለው።" ሥራ አስኪያጁ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ተለጠጠ።

ሦስተኛውን "ለየፒስተኑ የየራሱ ፒን አለው፤ እኩል ነው የሚራመደው" ብላ አሳለፈችው።

አራተኛው ሲነሣ ግን ቀና አለች። ዱብ-ዱብ፣ ዝም። ዱብ-ዱብ፣ ዝም። ንጹሕ ነው። ጢክ የለም። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም። ድምፁ ጠፍቶም በልቧ ስትከተለው ቆየች። አምስተኛውም ተነሥቶ ጠፋ። "ዘጠና ዲግሪ የተራራቁ ሲሊንደሮች ናቸው፤ የኛ አይደለም" አለች።

"ስለዚህ የእኛው ሁለተኛው ነው" አለ የፋብሪካው ጠበቃ በፍጥነት። "እናመሰግናለን።"

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሣች። አጭሩ ጠበቃ ግን አልተቀመጠም። "ስለ አራተኛው ምንም አላሉም" አለ፤ ድምፁን ሳያነሣ። "መዝገቡ ላይ ባዶ ይቀራል። የሚጨምሩት አለ?"

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ፤ የለም ይበሉ ነው። እትዬ ጆሮ አይታዋለች። ግን አራተኛው የፋብሪካዋ የቀድሞ ሥራ እንደሆነ አልተጠራጠረችም፤ የወንዝ ማዶው ሰው ከአሮጌ ሞተር ላይ ቀድቶ ሊያታልላት የመጣ መሰላት። ሁለቱንም ብታውቃቸው ድምፁ ከጥንት ጀምሮ የፋብሪካው መሆኑ ይጸናል፤ ማንም ያላሰበውን ማስረጃ ልታቀብላቸው ነው። ደግሞም አምስት መስመር ባለው መዝገብ ላይ አንዱ ባዶ ሆኖ ሲቀር ማየት አትችልም።

"አራተኛውም የኛ ነው" አለች። "እንዲያውም ጤነኛው እሱ ነው። ሁለተኛው ታሟል፤ ፒኗ ላልታለች። አራተኛው ግን ቢያንስ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ነው። ማን እንዳሳለፈውም ልነግራችሁ እችላለሁ። የኋላውን ቫልቭ ክፍተት ከመመሪያው በፀጉር ውፍረት አስፍቶ የሚተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያስተማረኝ ሰው ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ተሳስቼ አላውቅም።"

አጭሩ ጠበቃ ሰብሳቢዋን ፖስታውን እንድትከፍት ጠየቃት። ሰብሳቢዋ በጸጥታ አንብባ ስታበቃ ጮክ ብላ ደገመችው። ቅጂ አራት፤ በወንዝ ማዶው ፋብሪካ ባለፈው ወር በሦስተኛው ቀን የተገጠመ አዲስ ሞተር።

"ያሳለፈውን ሰው በተመለከተ ግን ልክ ናቸው" አለ ጠበቃው። "አስተማሪያቸው ከእነሱ ፋብሪካ ከተባረሩ በኋላ እኛ ጋር ናቸው። ጆሯቸው አይሰማም። የካቻቪቴውን እጀታ በጥርሳቸው ነክሰው በአጥንታቸው ነው የሚያደምጡት። ከኋላ ተቀምጠዋል።" ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። "ክቡራን፣ የፋብሪካው የራሱ ጆሮ የኛን ሞተር የእኔ ነው ካለ፣ የራሱን ደግሞ በሽተኛ ካለ፣ የሚመዘገበው ምኑ ነው?"

ሥራ አስኪያጁ እትዬ ጆሮን አላያትም። ከዚያ ቀን በኋላም በቀጥታ አይቷት አያውቅም።

ስትወጣ ጋሽ ቢዬላ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ኮቱ ያው የድሮው ነው፣ ውስጡ ያለው ሰው ግን ቀንሷል። ደንቆሮ ሰው እንደሚናገረው ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮኸው ጠበቃቸውን ጠየቁት።

"የኔን ለማወቅ ስንት ሰከንድ ፈጀባት?"

ጠበቃው ስድስት ጣት አሳያቸው።

"ስድስት" አሉ ጋሽ ቢዬላ። ዞረው እትዬ ጆሮን አዩዋት። "በደንብ ሰምተሻል።"

ከሥራ አልተሰናበተችም፤ ዘጠኝ ወር የቀራትን ሰው ማሰናበት ወረቀት ይበዛበታል። ካርቶኑ ተከፍቶ መሣሪያው ክፍሏ ውስጥ ተተከለ፤ ካቻቪቴው ከሚስማሩ ወረደ፤ ማህተሙን ሥራ አስኪያጁ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እሷ ወደ እንግዳ መቀበያው ተዛወረች። ከመስታወቱ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ተሰጣት፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁልፍ አለ። ጎብኚ ሲመጣ ቁልፉን ትጫናለች፤ ከመስታወቱ ሥር የተቀረጸው የ40717 ድምፅ ለሠላሳ ስምንት ሰከንድ ይሰማል። ዱብ-ዱብ፣ ጢክ። ድምፁ አልተመዘገበም፤ ጎብኚዎች ግን ይወዱታል።

"እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ የሚሰጠው ምኑ ነው?" ይሏታል።

"የኋላው ፒስተን ፒን ላልታ ነው" ትላለች።

ይስቃሉ። ቀልደኛ አሮጊት አስቀምጠዋል ይላሉ።

ገጣጣሚዎቹም በዚያ ሲያልፉ አልማሯትም። "እትዬ ጆሮ፣ ዛሬስ ስንቱን አሳለፍሽ?" ይላታል አንዱ። "አንዱን፤ ያንኑ" ይልላታል ባልደረባው።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ቢዬላ በዋናው በር ገቡ። የጎብኚ ወረቀት ሞልተው ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። ሰላም አላሏትም። ቁልፉን በጣታቸው አመለከቱ፤ ተጫነችው። ከኮታቸው ውስጥ ካቻቪቴ አወጡ፣ እጀታውን በመሀረብ ጠረጉ፣ ጫፉን መስታወቱ ያረፈበት የብረት መቆሚያ ላይ አደረጉና እጀታውን ነከሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቋርጠው አዩዋቸው። እትዬ ጆሮ በልማዷ ሰከንዱን ቆጠረች።

ድምፁ ሳያልቅ፣ ገና በአሥራ አንደኛው ሰከንድ፣ ዓይናቸውን ገለጡ። ካቻቪቴውን ከአፋቸው አወጡና ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ውስጥ የሞተሩን ቁጥር አነበቡ። ከቁጥሩ ጎን ያለችውን በክብ ውስጥ ያለች ሁለት ቁጥር አዩ። ሃያ ሁለት ዓመት የእሳቸው የነበረች ማህተም ናት።

"ይሄን ማነው ያሳለፈው?" አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

እትዬ ጆሮ የጎብኚ ወረቀት አነሣችና ጀርባው ላይ ጻፈች። ፊደሎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፦ "ቀይ ወረቀት አድርጌበት ነበር። ቀደዱት።" ሰጠቻቸው።

ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው መልሰው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

"ወረቀቱ የለም" አሉ። "ማህተሙ ግን አለ።"

ካቻቪቴውን ኮታቸው ውስጥ መልሰው አስገቡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሊነግሯት ሲሉ የኖሩት ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ዞረው፣ ያንን የድሮ ስሟን ጠሯት።

"ደህና ዋይ፣ ደንቆሮዋ።"

ከኋላቸው አሥር የሚሆኑ ጎብኚዎች እየተሳሳቁ ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ወደ መስታወቱ ቀርባ "የሚጮኸው ይሄ ነው አይደል?" አለች። እትዬ ጆሮ ቁልፉን ተጫነች።